ቀለሁ ሲቀረቀር፣ ቃታው "ቀጭ" ሲል፦ የአደን ሰሚ-አውቶማቲክ ሾትጋን ችግርና መፍትሄ

"የትኛውን ሰሚ-አውቶማቲክ ሾትጋን ልግዛ?" አሜሪካ ባለው ሐበሻ አዳኝ ዘንድ ይህች ጥያቄ ኦገስት ሲገባ ትጀምራለች። ሾትጋን በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ ጠጠር የሚረጨው ጠመንጃ ነው። ሴፕቴምበር 1 ላይ በአብዛኛው ቴክሳስ የዋኔ አደን ይከፈታል። ሚኒሶታ ዳክዬው ይቀጥላል። ኦክቶበር ላይ ፌዛንት የሚባለው የሳውዝ ዳኮታ ወፍ ይከተላል። ሱቅ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ "የማይቀረቀረው የቱ ነው?"

እንዲህ ያለ ሾትጋን የለም። ያለው የእናንተን ጥይት፣ የእናንተን አየርና የእናንተን ስንፍና የሚችል ሾትጋን ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከጀርባው እንጀምረው። መጀመሪያ ምን እንደሚበላሽና ለምን እንደሚበላሽ እንይ። የቱን መግዛት እንዳለባችሁ ከዚያ በኋላ ብዙም አይከብድም። ጠመንጃው ቀድሞ ቤት የገባ ከሆነም የራሳችሁን ችግር ፈልጉና እዚያ ጋ አንብቡ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ የተቀረቀረ ጠመንጃ ስታዩ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁን ከቃታው አውጡ። መጉረሻው (የሚተኮሰው ጥይት የሚገባበት) እና ካዝናው (ቀጣዮቹ ጥይቶች የሚቀመጡበት ቱቦ) ባዶ መሆናቸውን በዓይን አይታችሁ፣ በጣት ዳብሳችሁ አረጋግጡ። የሚባርቀው ሁልጊዜ "ባዶ ነው" የተባለው ጠመንጃ ነው።

ሁለቱ ዘሮች

ሰሚ-አውቶማቲክ ሾትጋን ሲተኮስ ባዶውን ቀለህ ራሱ አውጥቶ ይጥላል፣ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ይህን የሚሠራው ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰው ብረት ነው፤ መቀርቀሪያ እንበለው። ልዩነቱ ያለው መቀርቀሪያውን የሚገፋው ኃይል ላይ ነው።

የጋዙ ዓይነት ከአፈሙዙ (እዚህ ጠጠሩ የሚያልፍበትን ረጅሙን ቱቦ በሙሉ አፈሙዝ እንለዋለን) ሥር ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ከባሩዱ ጋዝ ጥቂት ይቀንሳል። ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ ደግሞ መቀርቀሪያውን። በ1963 ገበያ ላይ የወጣው ሬሚንግተን 1100፣ ተከታዩ 11-87፣ የቤሬታ ኤ300 እና ኤ400፣ የዊንቸስተር ኤስኤክስ4፣ የሞስበርግ 940 ከዚህ ወገን ናቸው። ትከሻ ላይ ለስለስ ይላሉ። ግን ጥቀርሻ ይሰበስባሉ።

የኢነርሺያው ዓይነት ጋዙን አይነካም። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደኋላ ይረግጣል። ከባዱ መቀርቀሪያ ግን ለአፍታ ባለበት መቆየት ይፈልጋል፤ አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ የቆመ ተሳፋሪ እንደሚንገዳገደው ማለት ነው። በዚያች አፍታ መቀርቀሪያው ውስጥ ያለችው ጠንካራ ሞላ ትጨመቃለች። ስትፈታ መቀርቀሪያውን ወደኋላ ትወረውረዋለች። ቤኔሊ ስሙን ያተረፈው በዚህ ስልት ነው። ፍራንኪ አፊኒቲና ቱርክ አገር የሚሠራው ስቶገር ኤም3000ም እንዲሁ ናቸው። ቀላልና ንጹሕ ናቸው፤ ትከሻን ግን በደንብ ይደቃሉ።

ቀለሁ ግማሹ ወጥቶ ተቀረቀረ

ከሁሉም የሚበዛው ስሞታ ይህ ነው። አንዴ ትተኩሳላችሁ፣ ባዶው ቀለህ መውጫው መስኮት ላይ ተነክሶ ይቀራል፣ ወፏ ትሄዳለች። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ግን ከርካሹና ከቀላሉ ጀምሩ።

መጀመሪያ የጥይቱን ሳጥን አንሱና ጎኑን አንብቡ። አራት ቁጥር ታገኛላችሁ። 2¾ የጥይቱ ርዝመት በኢንች ነው። 1⅛ የጠጠሩ ክብደት በኦውንስ ነው። 1200 ግድም የሆነው ፍጥነቱ ነው፣ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚሄድ። 7½ የጠጠሩ መጠን ነው። ጠመንጃችሁ አስቸግሮ ሳጥኑ ላይ ⅞ ወይም 1 ኦውንስ ከዝቅተኛ ፍጥነት ጋር ካያችሁ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ያ ጥይት መቀርቀሪያውን እስከ ጥግ የሚወስድ ጉልበት የለውም። ይህ በተለይ በአዲስ የኢነርሺያ ጠመንጃ ላይ ይታያል። ከዚያም ይበልጥ ባለ 3½ ኢንች መጉረሻ በሆኑት ላይ ይብሳል፤ የተሠሩት ለከባዱ የዝይ ጥይት ነውና።

አንድ ቅዳሜ የሸክላ ዒላማ መተኮሻ ቦታ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የአገሬ ሰው አዲሱን ጠመንጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ተቆጥተው ተቀምጠዋል።

"ሸወዱኝ እኮ! ሁለት ሺህ ዶላር ግድም አውጥቼ በየተኩሱ ይነክሳል።"

"ጋሼ፣ ምን ዓይነት ጥይት ነው የሚተኩሱበት?"

"ጥይት ጥይት ነው ልጄ። ርካሹን ነዋ!"

ሳጥኑ ⅞ ኦውንስ ይላል። ከቦርሳዬ 1⅛ ኦውንስ የሆነውን ሰጠኋቸው። ጠመንጃው ያለ አንዳች ኮሽታ በላው። ጋሼም ሳጥኑን ገልበጥ አድርገው አዩና "ታዲያ ሱቁ ይህን ለምን አልነገረኝም?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሻጩ መጠየቅ የነበረበት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

መፍትሄው ሁለት ነው። ጠመንጃው አዲስ ከሆነ የፋብሪካውን መከላከያ ቅባት አጽዱ። ከዚያ አንድ ሁለት ሳጥን ጠንካራ ጥይት ተኩሱበት። ብረቱ እርስ በርስ ይለማመዳል፣ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለውንም ጥይት መቀበል ይጀምራል። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ጥይቱን ከፍ አድርጉ እንጂ ጠመንጃውን አትወንጅሉ። መመሪያው ላይ አነስተኛው ጥይት ስንት እንደሆነ ተጽፏል።

ጥይቱ ደህና ሆኖ ካስቸገረስ? ቀለሁ የት እንደሚወድቅ ተመልከቱ። ይህችን ነገር ብዙ ሰው አያያትም። ጤነኛ የጋዝ ጠመንጃ ቀለሁን ራቅ አድርጎ ይወረውራል። እየቆሸሸ ሲሄድ ቀለሁ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣል። በመጨረሻ ከጫማችሁ አጠገብ ጠብ ማለት ይጀምራል። መነከስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠመንጃው ቀድሞ ነግሯችኋል ማለት ነው።

የጋዙን ዓይነት ለማጽዳት የካዝናውን ክዳን ፍቱ፣ የፊት መያዣውን አውጡ፣ አፈሙዙን ሳቡ። ፒስተኑ ላይ ጥቁር ጠጣር ጥቀርሻ ታያላችሁ። በጠመንጃ ማጽጃ ፈሳሽ አርሱት፣ ትንሽ አቆዩት፣ በነሐስ ብሩሽ ፈግፍጉት። የካዝናውን ቱቦ ውጪውን እስኪያበራ ወልውሉ፤ ፒስተኑ የሚንሸራተተው በሱ ላይ ነው። የጋዝ ቀዳዳዎቹን በለስላሳ ሽቦ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። ቀዳዳ ተደፈነ ብላችሁ መሰርሰሪያ እንዳትሰዱበት! ቀዳዳው ከሰፋ ጋዙ ይበዛል፣ መቀርቀሪያው በኃይል እየተወረወረ ጠመንጃውን ይቀጠቅጠዋል። ሲጨርሱ ፒስተኑን በዘይት ማጥለቅለቅም የተለመደ ጥፋት ነው። ዘይትና ጥቀርሻ ሲገናኙ ሬንጅ ይሆናሉ። ስስ አድርጋችሁ አብሱት፣ በቃ።

ሬሚንግተን 1100 ወይም 11-87 ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ ነው) ያላችሁ ደግሞ ከፒስተኑ ፊት ካዝናው ቱቦ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት እዩ። ጋዙን የምታፍነው እሷ ናት። ከተሰነጠቀች፣ ከደረቀች ወይም ያጸዳው ሰው መመለሷን ከረሳ ጠመንጃው አንድ በአንድ የሚተኮስ ይሆናል። ዋጋዋ የጥቂት ዶላር ነው። ቦርሳ ውስጥ ትርፍ ይኑራችሁ።

ቀጥሎ የካዝናውን ክዳን በእጅ ሞክሩ። ላልቷል? አፈሙዙን የያዘው እሱ ነው። ሲላላ አፈሙዙ ወደፊት ይንሸራተታል፣ ሁሉም ነገር ከቦታው ይወጣል። ጠበቅ አድርጉት፤ በአደን ቀን መካከልም አንዴ ንኩት። የኢነርሺያ ጠመንጃ ላይ ደግሞ የተጫነ ነገር ካለ አንሱ። የሰደፍ ጥይት መያዣ፣ መብራት፣ ከባድ መነጽር፣ ሁሉም ክብደት ነው። ጠመንጃው ካልረገጠ ሞላዋ አትጨመቅም። ትከሻችሁ ላይም በደንብ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ የቀረው ሰደፉ ውስጥ ነው። በሬሚንግተን 1100 ላይ፣ በቤኔሊ ኤም2 ላይና በሌሎችም ብዙዎች ላይ መቀርቀሪያውን ወደፊት የምትመልሰው ሞላ በሰደፉ ውስጥ ባለ ቱቦ ተቀብራለች። ማንም አያያትም። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደላይ አድርጋችሁ ስታቆሙት የረጫችሁት ዘይት ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል፣ ይደርቃል፣ ይጣበቃል። የዳክዬ ውሃም እዚያው ገብቶ ያዝጋታል። በዓመት አንዴ ሰደፉን ፈትታችሁ ሞላዋን አውጡ፣ ወልውሉ፣ ስስ ዘይት ቀቡ። ሞላዋ ተጨምቃ ስለተቀመጠች ስትፈቷት ትዘላለች። የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ እጃችሁ ካልደፈረ ለጠመንጃ ባለሙያ ስጡት። በፍራንኪ አፊኒቲ ላይ ይህች ሞላ በካዝናው ቱቦ ዙሪያ ስለሆነች ለማጽዳት ሰደፍ መፍታት የለም። ለሰነፍ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ቀለሁ ጭራሽ ከመጉረሻው አልወጣም

ይህ ከላይኛው የተለየ በሽታ ነው። መቀርቀሪያው ወደኋላ መሄድ ይሞክራል፣ ቀለሁ ግን ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። አንዳንዴ መቀርቀሪያው ባዶውን ተመልሶ የቀለሁን ጠርዝ ነክሶ ታገኙታላችሁ።

በየመቶው ታስሮ የሚሸጠውን ርካሽ ጥይት ጠርጥሩ። ከታች ያለው ቢጫ ቆብ ነሐስ ይመስላል፤ ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘው ነሐስ የተቀባ ብረት ነው። ብረት ሲተኮስ ይለጠጥና እንደ ነሐስ ቶሎ አይሰበሰብም፣ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል። ሻካራ መጉረሻ ላይ ደግሞ ይብሳል። መጉረሻው ውስጥ የቀለጠ ፕላስቲክም ይጠራቀማል። በማጽጃ ፈሳሽና ለመጉረሻ በተሠራው ወፍራም የነሐስ ብሩሽ አሽከርክራችሁ ፈግፍጉት። ከዚያም ከቀጠለ ባለሙያ ያለሰልሰው፤ ቀላል ሥራ ነው። እግረ መንገዳችሁን መቀርቀሪያው ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ቀለሁን ይዛ የምታወጣውን ጥፍር እዩ። ሥሯ ቆሻሻ ከገባ ወይም ጫፏ ከዶለዶመ ቀለሁን ትለቀዋለች።

ቃታ ተሳበ፣ "ቀጭ" አለ፣ አልተኮሰም

እንዳትከፍቱት! አፈሙዙ ሰው በሌለበት አቅጣጫ እንዳለ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። የከሸፈ የመሰለ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ አውጡትና የቀለሁን ቂጥ እዩ። መሃል ያለችው ክብ በደንብ ከተሰረጎደች ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ እርጥበት ነክቶታል ወይም አርጅቷል። ጭራሽ ካልተነካች ወይም ጫር ብቻ ካላት ጥፋቱ የጠመንጃው ነው። የመርፌው (ጥይቱን ከኋላ መትቶ የሚያስነሳው ብረት) መተላለፊያ በዘይትና በቆሻሻ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። መቀርቀሪያውን ፈትታችሁ መርፌውን አጽዱ፤ ደረቅ ይሁን።

የኢነርሺያ ባለቤቶች ግን ሌላ ተጠርጣሪ አላቸው። ቨርጂኒያ፣ ሚያዝያ፣ ገና ሳይነጋ። ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዱር ወፍ የሚያድነው ሰው ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ድምፅ እንዳይሰማበት ጥይቱን አጉርሶ መቀርቀሪያውን በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። የዘጋ ይመስላል። አልዘጋም። የመቀርቀሪያው ራስ እየዞረ ነው የሚቆለፈው፤ ለመጨረሻዋ ዙር የሞላውን ሙሉ ግፊት ይፈልጋል። አንዲት ፀጉር ታህል ከቀረው ቃታው "ቀጭ" ይላል፣ ተርኪው ይሄዳል። ጠመንጃው ከመሬት ጋር ሲጋጭም የመቀርቀሪያው ራስ ከቁልፉ ሊወጣ ይችላል። ይህች "ቀጭ" በቤኔሊ ባለቤቶች ዘንድ የታወቀች ናት። ፋብሪካውም በ2017 ባወጣው ሱፐር ብላክ ኢግል 3 ላይ መፍትሄ ብሎ የተሻሻለ መቆለፊያ አስገብቶበታል። አሮጌው ያላችሁ፣ ድምፅ ባይጎዳም መኪናችሁ አጠገብ አታጉርሱት፤ መቀመጫችሁ ደርሳችሁ በመልቀቂያው ቁልፍ "ቻክ!" ብሎ ይዘጋ። ድምፁ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ከሆነ ተርኪው ይረሳዋል። ከዚያ በየጊዜው የመቀርቀሪያውን እጀታ በአውራ ጣት ወደፊት ገፋ አድርጉት።

(በነገራችን ላይ የጸደዩ ተርኪ ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይጋጫል። ፍሪዘር ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ ለፋሲካ ይደርሳል።)

ከካዝናው ጥይት አልመጣም

አዲስ ገዥ ደውሎ "እጀታውን ስቤ ለቀቅኩት፣ ካዝናው ሙሉ ነው፣ ምንም አላጎረሰም" ካለ ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ጤነኛ ነው። ቤኔሊና መሰሎቹ እጀታ ስለተሳበ ብቻ ከካዝና ጥይት አይለቁም። በጎን ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ መጀመሪያ መጫን ያስፈልጋል። ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ካዝናውን ሳይነኩ መጉረሻው ውስጥ ያለውን ጥይት ብቻ ለመቀየር ይመቻል። መመሪያውን አንብቡ። መመሪያ ማንበብ ሞት አይደለም።

እየተተኮሰ መሃል ላይ የሚያቆም ከሆነ ግን የካዝናው ሞላ ዝጓል ወይም ቱቦው ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ክዳኑን በጥንቃቄ ፍቱ፣ ሞላዋን አውጡ፣ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት አታፍሱበት፤ ጥይቱን ያረጥበዋል፣ አቧራም ይይዛል።

ሌላው መታገጃው እንጨት ነው። በአሜሪካ የፌደራል ሕግ ዳክዬ፣ ዝይ፣ ዋኔና ሌሎች ተሰዳጅ ወፎች ሲታደኑ ሾትጋኑ በጠቅላላው ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፣ 2 ካዝና ውስጥ፣ 1 መጉረሻ ውስጥ። ለዚህ ካዝናው ውስጥ አንድ ወጥ ዘንግ ይገባል፣ ጠመንጃው ሳይፈታ የማይወጣ መሆን አለበት። ዘንጉ በእርጥበት ካበጠ ወይም የሌላ ሞዴል ከሆነ ካዝናው አንድ ጥይት ብቻ ይይዛል። ለማስተካከል አውጥታችሁ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚፈትሸው እሱን ነው።

ብርዱ ሲመጣ ብቻ የሚያስቸግር

ኦክቶበር ላይ እንደ ሰዓት ይሠራ የነበረ ጠመንጃ ኖቬምበር መጨረሻ ሚኒሶታ ላይ ይሞታል። መቀርቀሪያው "ቻክ" ማለቱን ትቶ እየተጎተተ ይዘጋል። ጥፋተኛው ዘይቱ ነው። ግራሶና ወፍራም ዘይት በብርድ ይረጋሉ። ለበር ማጠፊያና ለዛገ ቡሎን የሚረጨው ዘይት ደግሞ ውሎ አድሮ ሙጫ ይሆናል፤ የቃታው ክፍል ውስጥ ከገባ በተለይ።

ክረምት ሳይገባ መቀርቀሪያውን፣ የመርፌውን መተላለፊያና የቃታውን ክፍል በማጽጃ ፈሳሽ እስኪደርቁ አጽዱ። ለብርድ የተሠራ ስስ ዘይት በጨርቅ ጫፍ ብቻ አስነኩ። ለመፈተሽ ባዶውን ጠመንጃ ቆልፋችሁ ጋራዥ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እጀታውን ሳቡት። ጋራዥ ውስጥ የተጎተተ ሐይቁ ላይ አይሮጥም።

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስታስገቡት ያልበዋል። ያንን ላብ ሳታደርቁ በነጋታው ብታወጡት በረዶ ይሆናል። ፈትታችሁ አድርቁት። በረዶና ጭቃ ላይ አፈሙዙ መሬት ከነካም ጥይቱን አውጡ፣ መቀርቀሪያውን ክፈቱ፣ አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ማየታችሁን አረጋግጡ። በጭቃ የተደፈነ አፈሙዝ ይፈነዳል።

ድምፁ "ፑፍ" አለ

አቁሙ። ከአሁን በኋላ ያለው አንድ ተኩስ እጅ ያሳጣል። ባሩዱ በደንብ አልነደደም ማለት ነው፣ ፕላስቲኩ ወይም ጠጠሩ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሰሚ-አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ሰው በልማድ እጀታውን ስቦ ቀጣዩን ያጎርሳል። ጥይቱን ሁሉ አውጡ፣ አፈሙዙን ፍቱ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ፣ የቀረ ካለ በመወልወያ ዘንግ ግፉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ 12 ጌጅና 20 ጌጅ ጥይት በአንድ ኪስ አይያዝ። ባለ 20ው በ12ቱ መጉረሻ አልፎ አፈሙዙ ውስጥ ይወተፋል። ከኋላው ባለ 12 ሲጎርስ ያልፋል፣ ሲተኮስ ጠመንጃው ይበተናል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የተደረገው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የቱን?

በዓመት ጥቂት ጊዜ ዋኔና ሸክላ ለሚተኩስ፣ ርካሽ ቀላል ጥይት ለሚወድ፣ ትከሻው ለሚያመው፣ ጋዝ ይሻለዋል። ልጅና ቀላል ሰውነት ያላቸው ሴቶችም ጋዙን ያመሰግናሉ። ቴነሲ የሚሠራው ቤሬታ ኤ300 አልቲማ ከዋጋው አንጻር የምመክረው ነው። ማጽዳት ግን አለ። ማጽዳት የማይወድ፣ ጭቃና ውሃ ውስጥ የሚውል፣ ቀኑን ሙሉ ፌዛንት ፍለጋ በእግሩ የሚሄድና ጠንካራ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ኢነርሺያ ይግዛ። ገንዘብ ካለ ቤኔሊ ኤም2፣ መሃል ላይ ፍራንኪ አፊኒቲ፣ ከዚያ በታች ስቶገር። ስቶገሩ መጀመሪያ ላይ ሸካራ ነው፤ ከባድ ጥይት ካልቀመሰ ይነጫነጫል።

ዝይ ካላደናችሁ 3½ ኢንች አትፈልጉ። 3 ኢንች ለዳክዬም ለተርኪም ይበቃል። የርዝመቱ ቁጥር የተተኮሰና የተከፈተ ቀለህ ልኬት መሆኑንም እወቁ። ስለዚህ ረጅም ጥይት በአጭር መጉረሻ ውስጥ ገብቶ ሊዘጋ ይችላል። ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ለዳክዬና ለዝይ የእርሳስ ጠጠር በመላው አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የብረት ጠጠር የማይችል አፈሙዝና ጠባብ ቾክ (የአፈሙዙ ጫፍ ማጥበቢያ) አትግዙ።

የወረቀቱን ነገርም ሳታጣሩ ሱቅ አትግቡ። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪም ሆነ በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌደራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም። ከታወቁት ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ጠበቃውን ሳይጠይቅ የጓደኛውን ጠመንጃ እንኳ አይንካ። አንድ ቀን ዒላማ ለመምታት ብሎ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን የሚያበላሽ ሰው መኖር የለበትም።

ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ "ፈትታችሁ ካላሳያችሁኝ አልገዛም" በሉ። እጀታውን ሳቡትና ልቀቁት፤ ሳይንቀረፈፍ "ቻክ" ይበል። ጥፍሯን በጥፍራችሁ ንኩ። ፒስተኑ ላይ ያለውን ጥቀርሻ እዩ፤ የባለቤቱን ጠባይ ይነግራችኋል። ሰደፉና ብረቱ የሚገናኙበት እንጨት ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ፈልጉ።

ጆን ብራውኒንግ በ1900 ፓተንት ያገኘበትና እስከ 1998 የተሠራው አሮጌው ኦቶ-5 ካጋጠማችሁ ደግሞ ሌላ ዘር ነው፤ አፈሙዙ ራሱ ከመቀርቀሪያው ጋር ወደኋላ ይሄዳል። ውብ ጠመንጃ ነው። ግን የፊት መያዣውን አውጡና የካዝናው ቱቦ ላይ ያሉትን የግጭት ቀለበቶች እዩ። ለከባድ ጥይት የብረት ቀለበቱ ከሞላው ፊት፣ በነሐሱ መያዣና በሞላው መካከል ይገባል። ለቀላል ጥይት ከሞላው ኋላ ይቀመጣል። ብዙ ባለቤት ይህን ሳያውቅ ዓመታት ተኩሷል። ለቀላል ተዘጋጅቶ ከባድ ጥይት ከተተኮሰበት አፈሙዙ እየተወረወረ የፊቱን እንጨት ይሰነጥቀዋል። እንጨቱ ተሰንጥቆ ካገኛችሁት የመተኪያውን ዋጋ ከጠየቁት ላይ አስቀንሱ። ቀለበቶቹ ቢጎድሉ ግን አትደንግጡ፤ ርካሽ ናቸው፣ ዛሬም ይገኛሉ።